ግማሹ እልልታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ መተማ አካባቢ በጤና ረዳትነት ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት አንድ ምርቃት ላይ የሰማሁት ቃል ግን እንደ አዲስ ቀሰቀሰብኝና ለአንባቢ ልንገረው ብዬ ተነሣሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ የዛርና የጋኔን ወሬ ሲነሳ ጫማዬን አጥልቄ የምወጣ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከመርፌና ከክኒን ጋር ነው።

የምሠራው በቤተ ክርስቲያን በሚተዳደር የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነበር። ግቢው ከመተማ ወደ ሸኽዲ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን በማሽላ እርሻ የተከበበ ነው። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ወባ፣ ካላዛርና የድንበሩ ግርግር የነጠቃቸው ናቸው። ኃላፊያችን አባ ዘሚካኤል የሚባሉ ዝምተኛ መነኩሴ ነበሩ።

በየዓመቱ የሽልማት በዓል ነበረን። ሌላው ትምህርት ቤት በሰኔ ያከብራል። እኛ ጋ ግን ሰኔ ላይ ዝናብ ከጣለ ያ ጥቁር አፈር እንኳን መኪና በቅሎም አያሳልፍም። ስለዚህ በዓላችን ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ሳለ ይውላል። ፈተና ያለፉ ልጆች ደብተርና ልብስ ይሸለማሉ። ከሠራተኞችም ብዙ ያገለገለ ጋቢ ይደረብለታል።

በዚህ በዓል አንድ ልማድ ነበረን። ልጆቹ እልል የሚልላቸው ዘመድ ስለሌላቸው፣ ስማቸው ሲጠራ እልል የምትል ሴት ከሠራተኞቹ መካከል ለእያንዳንዳቸው ትመደባለች። ይህን ያመጡት ከሞግዚቶቹ ሁሉ የቆዩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። "ስሙ ተጠርቶ እልልታ ያልተከተለው ልጅ፣ ያልተወለደ ይመስለዋል" ይሉ ነበር።

እማማ ጥሩ ነበር የምንላቸው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። እልልታቸው የሌላ ሰው አይመስልም። ይነሳ ይነሳና መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። አለቀ ስትሉ ከፊተኛው በርትቶ እንደገና ይነሳል። "እማማ ጥሩ፣ የእርስዎ እልልታ እንደ ወፍጮ ሞተር ነው፤ አንዴ ካልጠፋ አይነሳም" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም "አንተ መርፌህን ውጋ" ይሉኛል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ወባ ያዛቸው። ክሎሮኪኑን ሰጠሁ፣ ግሉኮሱን ሰቀልኩ፣ ግን ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ። አልፎ አልፎ ነፍሳቸውን ሲያውቁ የሚያነሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማሪቱን። ማሪቱ በጨቅላነቷ ተቀብለው ያሳደጓት ልጅ ናት። ያን ዓመት የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ከሁላችንም ግምት በላይ በሆነ ውጤት አልፋ ነበር።

"የማሪቱን እልልታ ለማንም እንዳትሰጡብኝ" አሉኝ እጄን ይዘው። "የእኔ ናት።"

"እሺ" አልኳቸው። ምን እላለሁ።

በማግስቱ አረፉ። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ አፈር ካለበሷቸው ሰዎችም አንዱ እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው በኋላ "ምናልባት አልሞቱ ይሆናል" የሚል አንባቢ እንዳይኖር ነው።

የዚያ ዓመት በዓል ሲደርስ አርባቸው ገና አልወጣም። አባ ዘሚካኤል ጋቢው ለእሳቸው እንዲሆን ወሰኑ። በዓሉን የሚከታተለው የወረዳው ካድሬ ግን ቀደም ብሎ መጥቶ አስጠንቅቋቸው ነበር። መድረክ ላይ ጸሎት የለም፣ "ነፍስ ይማር" የሚባል ነገርም የለም፣ ስም ብቻ ይጠራ አለ። አባም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያን ጊዜ ራስ መነቅነቅ ቤቱን ከመዘጋት ያድን ነበር።

ፕሮግራሙ የተያዘው ለጠዋት ነው። ካድሬው አርፍዶ ቀትር ላይ መጣ። የቆላን ቀትር የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚነገረው አላውቅም። ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ጥላ ሥር ትወድቃለች፣ ወፍ አይጮኽም፣ ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ በአየሩ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ምግብ ቤት የምትሠራው ሴትዮ "በቀትር እንኳን የስንት ልጅ ስም፣ የከብት ስምም አይጠራ" እያለች ታጉረመርም ነበር። እኔ ሳቅሁባት።

ዳሱ ሥር ተቀመጥን። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። ከእንግዶቹ መካከል ሐጂ ኢድሪስ ነበሩ፤ ሸኽዲ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፣ ደብተሩን በየዓመቱ የሚሰጡን እሳቸው ነበሩ። አባ ዘሚካኤል ከቀበሌ በተዋስነው ድምፅ ማጉያ ስም መጥራት ጀመሩ። ልጅ ይጠራል፣ እልልታ ይከተላል። እንዲህ እያለ ቀጠለ።

"ማሪቱ።"

ልጅቷ ተነሣች። እልል ያለ የለም። ለሴቶቹ የእማማ ጥሩን ቃል ነግሬያቸው ስለነበር አንዷ ሌላዋን ታያለች እንጂ ማንም አልደፈረም። ማሪቱ መሀል ሜዳ ላይ ስትደርስ እግሯ ከበዳት መሰለኝ ቆመች። ምነው አፌን በቆረጠው፤ አንዷን ባስመድብ ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ነው ከማሽላው ውስጥ እልልታው የተነሣው።

ቀጭን ነበር፣ ከሩቅ የሚመጣ ነበር፣ ግን አልተሳሳትንም። ተነሳ፣ ተነሳ፣ እኛ ሁላችን ባንድ ጊዜ ዞረን ወደ ማሽላው ስናይ ቁርጥ አለ። ሁለተኛውን ግማሽ ጠበቅን። ያ የለመድነው ከፊተኛው የሚበረታው ግማሽ አልመጣም። ማሽላው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዲት ቅጠል እንኳን አትነቃነቅም።

አንድ ትንሽ ልጅ "እማማ ጥሩ ናት" አለ፤ ከጎረቤት እንደመጣች ሰው አድርጎ። ዝም በል ያለው የለም። እኔ ላብ ያጠመቀኝ ሰውዬ ብርድ ብርድ አለኝ።

"ማናት እሷ?" አለ ካድሬው።

ካድሬው የቀበሌውን ታጣቂ ላከው። ታጣቂው ጠመንጃውን አቀባብሎ ማሽላው ውስጥ ገባና ቆይቶ ወጣ። "ሰው የለም ጓድ። የተረገጠ አገዳም አላየሁ" አለ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ማሪቱ ሽልማቷን ተቀብላ ተቀመጠች። ከሁላችን ያልደነገጠች እሷ ብቻ ነበረች።

አባ ቀጣዩን ስም ሊጠሩ ሲሉ በመንገዱ አንድ ትራክተር ተሳቢውን እያንገጫገጨ መጣና ድምፁ ሁሉን ዋጠው። ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። እስኪርቅ ጠበቅን። እኔ እንዲያውም ትራክተሩን ወደድኩት፤ ጤነኛ ድምፅ ነበር።

የቀሩት ልጆች ተሸልመው አለቁ። ተራው የሠራተኞች ሆነ። አባ ዘሚካኤል ጋቢውን ከፍ አድርገው ያዙ። አፋቸው "ነፍስ" ለማለት እንደተከፈተ አይቻለሁ። ካድሬውን አዩና መልሰው ዘጉት።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ" አሉ፤ በሕይወት እንዳለ ሰው።

እልልታው ወዲያው መጣ። ከቅርብ፣ ከአጥሩ ጫፍ። ተነሣ፣ ቁርጥ አለ፣ እንደገና በርትቶ ተነሣና እስከ መጨረሻው ወጣ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ትንንሾቹ ልጆች አግዳሚ ወንበር ሥር ገቡ። ማሽላው ተነቃነቀና በአገዳዎቹ መሀል ብረት ብልጭ አለ። ታጣቂው ጠመንጃውን ወደዚያው ደገነ።

ማሪቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ማሽላው ሮጠች።

ልጅቷ በጠመንጃውና በማሽላው መሀል ናት። ሐጂ ኢድሪስ በከዘራቸው አፈሙዙን ወደ መሬት ተጫኑት። "ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ አውርድ። ልጅ መሀል ናት" አሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ታጣቂው አወረደ።

ከማሽላው ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች። ጥቅል ጨርቅ ተሸክማለች፣ ማጭድ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ፊቷ የእማማ ጥሩ ፊት ነው፤ በዕድሜ ብቻ ለጋ። ፈገግ ብላለች።

"የጥሩወርቅ እኅት ነኝ፣ ደብሬ እባላለሁ" አለች በጎጃምኛ ዜማ። "አብደራፊ ለአጨዳ ወርጄ ነው እዚህ እንዳለች የነገሩኝ። ይኸው ስሟን ስትጠሩ ደረስሁ። የት አለች?"

በአገራችን መርዶ በቀትር፣ በሰው መሀል፣ እህል ባልቀመሰ ሰው ላይ አይነገርም። ደክሞ የመጣ ሰው ይበላል፣ ያርፋል፣ ንጋት ላይ ሽማግሌ ሄዶ ያረዳዋል። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ግን ያ ሁሉ ሰው፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ባንድ ጊዜ አፉን ዘጋ።

"ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ደክሞሻል" አሉ አባ።

"ሽልማቷን ልትቀበል አትመጣም?"

"አንቺ ተቀበይላት።"

ጋቢውን ደረቡላት። ካድሬው ሊናገር ከወንበሩ ብድግ አለ። ሴትዮዋን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ "ፕሮግራሙ ይቀጥል" ብሎ ተቀመጠ። እሱም ለካ እናት የወለደችው ሰው ነው።

ደብሬ በዚያ ሙቀት ጋቢውን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። በየመሀሉ ዞር እያለች በሰዎቹ ፊት ላይ እኅቷን የምትፈልግ ትመስላለች። የምናይበት አጣን። ማሪቱ አጠገቧ ተቀምጣ ጣቶቿን ይዛለች። ሚስጥር የማያውቁ ልጆች ናቸው፣ ምግብ ቤት ውስጥ ስኳር ሲሰረቅ እንኳን ለእኔ ሮጠው የሚናገሩ። ያን ቀን አንድም ልጅ ትንፍሽ አላለም። ለእኔ ከእልልታው ይልቅ ያ ዝምታ ነበር የሚያስፈራው።

በማግስቱ ንጋት ላይ አባና ሐጂ ኢድሪስ አረዷት። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። ሲወጣላት ግን እንዲህ አለች። "ጋቢውን ስትሰጡኝ ነው ያወቅሁ። ጥሩወርቅ የእሷን ለሰው የምትሰጥ አልነበረች። እናንተ ስትጨነቁልኝ ባይ ጊዜ ዝም አልሁ።"

እልልታውም የቤተሰብ ነው አለችን። እናታቸው እንዲያ ትል ነበር፣ እነሱም ከእሷ ለመዱት። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። ነገሩ ተፈታ ብዬ ጎንደር ለሚገኝ ጓደኛዬ እንዴት አድርጌ እየቀለድኩ እንደምነግረው ሁሉ አሰብኩ።

ለቅሶው ላይ ሐጂ ኢድሪስ ቡናቸውን አስቀምጠው ጠየቋት።

"ለመጀመሪያ ጊዜ እልል ስትዪ ታጣቂው ሲፈልግሽ የት ተደበቅሽ?"

"የምን የመጀመሪያ?" አለች ደብሬ። "አንድ ጊዜ ነው እልል ያልሁ። ከትራክተሩ ወርጄ በማሽላው ሳቋርጥ ስሟን ሰማሁ፣ እልል አልሁ።"

"ከትራክተሩ በፊትስ?"

"ከትራክተሩ በፊትማ ትራክተሩ ላይ ነበርሁ።"

ሐጂ ኢድሪስ መቁጠሪያቸውን አወጡ። እኔ የተሳቢውን መንገጫገጭ የሰማነው ከመጀመሪያው እልልታ በኋላ እንደነበር አስታወስኩ።

ደብሬ በዚያው ቀረች፤ ምግብ ቤት ገባች፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ልጆችም እልል ትል ነበር። እኔ ከዓመታት በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። ለዚያ የመጀመሪያ እልልታ ብዙ መልስ ፈልጌለታለሁ። ሙቀቱ ነው፣ ሐዘኑ ነው፣ ሌላ አጫጅ ሴት ነበረች ብያለሁ። አንዱም ከልቤ አልገባም።

ባለፈው ክረምት ማሪቱ ስልክ ደወለችልኝ። ልጇ ጎንደር ከአንድ የጤና ኮሌጅ በነርስነት ትመረቅ ነበርና "ጋሼ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም" አለችኝ። ሄድኩ። ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሏል። የልጅቷ ስም ሲጠራ ቀትር ሆኗል። ቤተሰቡ እልል አለ፣ እኔም አጨበጨብኩ። የእኛ እልልታ ሲያበቃ ከኋላችን፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ገና ሲነሳ የሰማሁ መሰለኝና ልዞር ስል ማሪቱ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ ፊቷን ወደ ልጇ እንዳደረገች ነው።

"አይዙሩ ጋሼ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ዞረን ስናይ ነው የምታቆመው።"

አልዞርኩም። ፈርቶ ነው ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ግማሹን ብቻ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እማማ ጥሩ እስኪጨርሱ ልሰማቸው ፈልጌ ነው።