የስፌት ዘይት የጠጡ ጎማዎች

እጆቿ ጥቁር በጥቁር ሆነዋል። በግራዋ የቫኗን የፊት ጎማ ተደግፋ፣ በቀኟ ከአሮጌ ካናቴራ በተቀደደ ጨርቅ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ እያደረገች ዙሪያውን ትወለውላለች። ከላይ ትጀምራለች፣ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ተመልሳ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ትገለብጣለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ጠዋት እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። ጎማዎቹ ትናንት ከፋብሪካ የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ያብረቀርቃሉ።

ሰፈሩ እትዬ ሜትር ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ የሚወርደው ስትተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም አንዳንድ ቀን ትረሳዋለች። ከመኖሪያ ቤቷ ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ አርባ ዓመት ሱሪ አሳጥራለች፣ ዚፕ ቀይራለች፣ ለወፈረው አስፍታለች፣ ለከሳው አጥብባለች።

ቫኗን ያመጣት ባሏ ነበር። ሹፌር ነበር። ድሮ ፖስታ ታመላልስ የነበረች ቫን ገዝቶ፣ ከኋላ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ሳጥን፣ በጎን በኩል ትንሽ የጋዝ ምድጃና ስልሳ ሊትር የሚይዝ የውሃ በርሜል ገጠመላት። መጋረጃዎቹን እሷ ሰፋች። መንዳትም ያስተማራት እሱ ነው። «ጡረታ ስወጣ ቤታችንን ተሸክመን እንዞራለን» ይል ነበር። አራቱንም ጎማ አዲስ አስገባ። ዓመት ሳይሞላው፣ ለጡረታው አራት ወር ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሊያወልቅ እንዳጎነበሰ ልቡ ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቫኗ በግቢው ውስጥ ቆመች። እትዬ ሜትር ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን አስነስታ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ትዞርና ትመልሳታለች፤ ከዚያ በፊት ግን ጎማዎቹን ዘይት ትቀባለች። የስፌት መኪናዋን አርባ ዓመት ያቆየላት ይኸው ዘይት ነውና፣ ለጎማውም አይከፋም ብላ ነው።

የዚህ ቅዳሜ ዙር ግን ለወጉ ያህል አልነበረም። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ እታለም የምትላት፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራች ሴት ናት። ሰዎች ሲደውሉ «ወደቡን ስጪኝ» ይሏታል፤ ገመዱን ትሰካና ታገናኛቸዋለች። ከሰውየው ድምፅ በስተኋላ የመርከብ ጥሩምባና የውሃ ጩኸት ትሰማለች። ባሕሩን ግን አይታው አታውቅም። «እኔ ባሕርን የማውቀው በጆሮዬ ነው» ትላለች። አሁን ደግሞ የዓይኗ ነርቭ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ባለፈው ወር መነጽሩን አውልቆ፣ «እማማ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ለከርሞ አያቆዩት» አላት። ወደቡ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እታለም ወገቧ ስለማይችል የአውቶቡስ ወንበር አይሆናትም። ቫኗ ውስጥ ግን አልጋ አለ።

እትዬ ሜትር ወደ ጎሚስታው የሄደችው ንፋስ ለማስሞላት ብቻ ነበር። ጎሚስታው ቁጭ ብሎ አንዱን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ጠቁሮ ወጣ። አሸተተው።

«እትዬ፣ ይሄን ምን ቀቡት?»

«ዘይት።»

«የሞተር?»

«ኧረ የለም፣ የስፌት መኪና። ንጹሑን ነው» አለች ኮራ ብላ።

ጎሚስታው ሳቁን ዋጥ አደረገና እጁን በሱሪው ጠረገ። «ዘይት ለብረት ነው እትዬ። ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይልማል፣ አቅል ያጣል። ስንት ዓመት አጠጡት?»

«ዘጠኝ።»

«በቃ ሰክሯል።»

ባትሪውን አብርቶ ጎማው ከቸርኬው የሚገናኝበትን አሳያት። ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ ደረቅ መሬት ይመስላል። ከዚያ ጎማው ጎን ላይ የታተሙ አራት ቁጥሮች በጣቱ ነካላት። የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ነው። አሥር ዓመት አልፎታል።

«ጥርሱ እኮ ገና ነው» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ።

«ጥርሱ ገና ነው፣ ገላው ግን አልቋል። ሰፈር መዞር ሌላ ነገር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ በሙቀት፣ ዕቃ ተጭኖ ከሆነ መንገድ ላይ ይፈነዳብዎታል።»

ጎማዎቹን ሲያወልቅ ይባስ ብሎ የአንዱ ቸርኬ ከብሎን ቀዳዳ ወደ ብሎን ቀዳዳ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ስንጥቁ ከክር አይወፍርም። የሌላው ጠርዝ በዝገት ተበልቶ ንፋስ መያዝ አቅቶታል። እትዬ ሜትር በርጩማ ላይ ተቀምጣ አየች። ባሏ በመጨረሻ የገዛው ነገር እነዚህ ጎማዎች ነበሩ። አበላቸዋለሁ ስትል መርዝ ስታጠጣቸው ኖራለች። ጨርቋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሰኞ ዕለት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ደረሰላት። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፤ አፉ ከዕቃው ይበልጣል። ከአንድ የተጋጨ የቤት መኪና የወለቁ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ጎማቸው እንደገባ ጭኖ ጎሚስታው በር ላይ ዘረገፋቸው። እታለምም ቤት መቀመጥ ሰልችቷት አብራ መጥታ ነበር።

«እዪማ እትዬ! ቸርኬ ነው መስተዋት? ጸጉርሽን ታበጥሪበታለሽ! ጎማውም ቢሆን አንድ ዓመት ያልሞላው ነው። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ተው ልጄ፣ በዓይን አትማል» አለች እታለም። «የኔ ሳልምልም እየሆነ ነው።»

እትዬ ሜትር ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ከቀዳዳ ቀዳዳ ለካች፤ ልክ ነው። የመሃሉን ክብ ለካች፤ ልክ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን አነበበች፤ ጎሚስታው ቅዳሜ ዕለት አስረድቷት ስለነበር አልከበዳትም። ወርዱ በሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። «የሰፊ ሥራ እኮ ነው» ብላ አሰበች። ወርድ፣ ቁመት፣ ወገብ። ቫኗ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አስተያየችው፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ቸርኬው ደግሞ ያምራል። እንደዚህ ያለ የሚያምር ነገር በሕይወቷ ለራሷ ገዝታ አታውቅም። በጣቷ ነካ፣ ነካ አደረገችው።

«እንግዲህ ምን ቀረ?» አለ ዋርሳዋ።

ምን እንደቀረ ለራሷም አልገባትም። ያን ጊዜ የርእሰ መምህሩ ሱሪ ትዝ አላት። ባለፈው ወር የሰፋችላቸው ግራጫ ሱሪ ሱቋ ውስጥ በሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ስትለካቸው ቆመው ነበር፤ ያውም ምሳ ሳይበሉ። ቆመው ሲታዩ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎላቸው ነበር። መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ከኋላ ትርርር አለ። አስፍታ እንደገና ሰፍታዋለች፤ ቅዳሜ ቤታቸው ልታደርስላቸው ቀጠሮ አላት።

«ይቺን ቫን የለካናት ቆማ ነው» አለች ቀስ ብላ። ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ ጆሮዋ ቀላ። «ባዶዋን። በልታ ስትቀመጥስ?»

ዋርሳዋ አልገባውም። ጎሚስታው ግን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አጎንብሶ ከጎማው ልክ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አነበበ፦ ዘጠና ዘጠኝ። ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሰንጠረዥ በጣቱ ተከተለ። «ይሄ ጎማ የሚሸከመው ሰባት መቶ ሰባ አምስት ኪሎ ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ። ቫኗ ከኋላ ስንት ትመዝናለች?»

ማንም አያውቅም። አልጋውንና ሳጥኑን በገዛ እጁ የገጠመው ሰው ዛሬ የለም።

ከጎሚስታው ጀርባ አሸዋና ሲሚንቶ የሚሸጥበት ግቢ አለ፤ መኪና የሚመዘንበት ሚዛንም አለው። ማክሰኞ ዕለት ቫኗን ለመንገድ እንደምትሆነው አድርገው ጫኗት። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሙሉ በርሜል ውሃ፣ የጋዝ ሲሊንደር። በተሰነጠቀው ቸርኬ ፈንታ ስኮርታ ጎማውን አስገብተው፣ ንፋስ የሚያወጣውንም ሞልተው በሰው እርምጃ ነዷት። እትዬ ሜትር ሚዛኑ አጠገብ ስትደርስ እታለምን ከኋላ አልጋው ላይ እንድትጋደም ጠየቀቻት።

«በስተርጅና እንደ ጆንያ ልመዘን?»

«መንገድ ላይ የምትሆኚው እዚያ አይደል እታለም?»

«እሺ። ግን ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አታንብቡ።»

የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቆሙ። ሺህ ስድስት መቶ አርባ ኪሎ። ጎሚስታው በጠመኔ መዳፉ ላይ ጽፎ ቀነሰ። «በዘጠና ኪሎ ይበልጣል። ቸርኬውም ለቤት መኪና የተሠራ ነው፣ ይሄን አይችልም።»

«ዘጠና ኪሎ ምን አላት!» አለ ዋርሳዋ።

ከመጋረጃው ውስጥ የእታለም ድምፅ መጣ። «ዘጠናውማ እኔ ነኝ። አውርዱኝና ቸርኬያችሁን አስገቡ!»

የሚዛኑ ሠራተኛ እንኳ ሳቀ። ዋርሳዋም ሳቀና ራሱን አከከ። የአሉሚኒየም ቸርኬዎቹን መልሶ ሲጭን እትዬ ሜትር አንዱን ዞር ብላ አየችው፤ እንደዚያ ዓይነት ነገር እንደማይደገም ታውቃለች። «አይዞሽ፣ ለኔ ተይው» አላት ዋርሳዋ፤ ለካ አይቷታል። በማግስቱ ከአንድ አሮጌ የዳቦ ማመላለሻ ቫን የወለቁ አራት የብረት ቸርኬዎች ይዞ መጣ። ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም ወግ የሌላቸው ናቸው። ጎሚስታው በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ ቀዳዳ በቀዳዳ አያቸው። አንድም ስንጥቅ የለም።

ጎማውን ግን አዲስ ገዙ፤ ዕቃ ለሚጭኑ ቫኖች የሚሠራውን፣ ቁጥሩ መቶ አሥራ ሦስት የሆነውን። አንዱ ብቻውን ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ይሸከማል። ጎሚስታው ሊያስገባ ሲል እትዬ ሜትር መነጽሯን አድርጋ በየጎማው ላይ አራቱን ቁጥሮች በጣቷ እየዳሰሰች ዞረች። ሦስተኛው ጋ ቆመች።

«ይቅርታ ... ይሄኛው ታላቃቸው ነው መሰለኝ።»

ጎሚስታው አየ። ሦስቱ የዘንድሮ ናቸው፤ እሱ የአራት ዓመት ነው። «አቤት! ሻጩ እኔን አታለለኝ፣ እርስዎን ግን አላታለለም» ብሎ በሞተር ሳይክሉ ተመልሶ አስለወጠው። ሲመጣ ምክር ጨመረላት፤ መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ነው። ጎማውን ደግሞ በሳሙናና በውሃ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሜትር እንደ ልማዷ ጨርቅና ዘይት ይዛ ወጣች። ጎማው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ዘይቱን መለሰችና በባልዲ ውሃ አመጣች። አዲሶቹ ጎማዎች ደብዛዛ ናቸው፤ ታጥበውም ደብዛዛ ናቸው። እንዳሉ ተቀበለቻቸው።

ከዚያ የርእሰ መምህሩን ሱሪ በወረቀት ጠቅልላ ከመቀመጫዋ ኋላ ሰቀለችው። አድርሳ ትመለሳለች፤ ጎማውንም በዚያው ትሞክረዋለች። ጉዞው ገና ሳምንት ይቀረዋል። እታለም ንፋስ ልቀበል ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ሁለት የክር ጥቅልል ይዛ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ስትረዳት አንስታቸው ነው የመጣችው።

«ትንሿ እህቴ፣ ሰማያዊው የቱ ነው?»

እትዬ ሜትር አየቻት። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ሰማያዊ። ባለፈው ሳምንት እታለም ራሷ ነበረች ለይታ የምታቀብላት።

«በቀኝ እጅሽ ያለው።»

«እህ» አለች እታለም። ክሮቹን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረሱ። በግራ የርእሰ መምህሩ ቤት ነው። በቀኝ ከከተማ የሚያስወጣው አስፋልት። ከኋላ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የሞላው በርሜል ከሚዛኑ ቀን ጀምሮ እንደተጫኑ ናቸው። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋባት። እትዬ ሜትር በሕይወቷ የሰው መንገድ ዘግታ አታውቅም። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች።

ወደ ርእሰ መምህሩ ቤት የሚወስደው የግራው መንገድ እንደሆነ እታለም ታውቃለች። አንገቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ «ሰማዩ ጠርቷል?» አለች።

«ጠርቷል።»

«አዎ፣ ይታየኛል።»

መቶ ኪሎ ሜትር ሲሞላ እትዬ ሜትር ዳር ይዛ ቆመች። የብሎን መፍቻውን አውጥታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየዘለለች አጠበቀች። የጎማውን ጎን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አልጋለም። መፍቻውን ልትመልስ በሩን ስትከፍት ነው በወረቀት የተጠቀለለውን ነገር ያየችው።

«ውይ እታለም! የርእሰ መምህሩ ሱሪ!»

«ለመቼ ነበር?»

«ለዛሬ። ሰኞ ስብሰባ አላቸው። ምን ይሉኛል?»

እታለም ትንሽ አሰበች። «የትምህርት ቤቱን ስልክ ቁጥር እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች። «ሰኞ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ። ከወደቡ።»

እትዬ ሜትር እጇን በካናቴራው ጨርቅ ጠርጋ ሞተሩን አስነሳች። ሱሪው ከኋላዋ እንደተሰቀለ፣ በየመታጠፊያው ቀስ እያለ ተወዛወዘ።