ኮምፒውተሮች መነጋገር የተማሩበትን መንገድ ፍለጋ

ዲላ ውስጥ የኮምፒውተር ኔትወርክ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ኮምፒውተሮች ወሬ ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ጊዜ እንደሚመላለሱ ሰሌዳ ላይ በቀስት እስላለሁ። አንዱ «ልናገር ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰምቻለሁ፣ እኔም ልናገር ነው» ብሎ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ደግሞ «ሰምቻለሁ» ይላል። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሱልኛል፣ በዚሁ ያልቃል። አንድ ቀን ግን ከቡሌ የመጣች፣ ከኋላ የምትቀመጥና ብዙም የማትናገር ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለምን ሦስት ሆነ? ሁለት አይበቃም?»

አስተማማኝ እንዲሆን ነው አልኳት። አልተቀመጠችም። አንዱ ጠይቆ ሌላው እሺ ካለ ምን ቀረ፣ አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱን እንደማላውቅ ገባኝና አጣርቼ እንደምነግራት ቃል ገባሁ።

የማስተምርበት መጽሐፍ ከስላይዴ የተለየ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ፕሮቶኮል የምንላቸው እነዚህ የመነጋገሪያ ሕጎች መጀመሪያ የተጻፉባቸውን ሰነዶች ራሳቸውን ለማንበብ ወሰንኩ። ሥዕል የሌላቸው፣ ደረቅ ጽሑፎች ስለሆኑ ዝናብ ጥሎ ኢንተርኔቱ ሲደክም እንኳን ስልኬ ላይ ይከፈታሉ። ባጃጅ ውስጥ አነባቸዋለሁ፤ ስብሰባ እስኪጀመር አነባቸዋለሁ።

የገረመኝ ድምፃቸው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ከላይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። የጻፉት ግን አብዛኞቹ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሥልጣኑን ማን እንደሰጣቸው ራሳቸውም እርግጠኛ ስላልነበሩ ጽሑፎቻቸውን «አስተያየት ስጡን» ብለው ሰየሟቸው። የመጀመሪያው ኔትወርካቸው ሲሞከር ሁለት ፊደል እንዳለፈ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ሥራ አቆመ። የመጀመሪያው ፕሮቶኮላቸው መስመሩ ምንም መልእክት አይጥልም ብሎ የሚያምን ነበር። በኋላ ራዲዮና ሳተላይት ሲጨመር ያ እምነት አላዋጣም። አዲሱ ሕግ የተነሳው መልእክት ይጠፋል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይደርሳል ከሚል ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስም እዚያው እንዳለ ጠረጠርኩ። «ይዘገያል» የምትለዋ ቃል ጋ።

ይህን ታሪክ ለማስተማር ጥቂት ሰዓት እንዲፈቀድልኝ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ጠየቅኩት።

«ታሪኩን ለታሪክ ክፍል ተዪላቸው» አለኝ። «የእኛ ልጆች የመውጫ ፈተና አለባቸው።»

ጭንቀቱ ይገባኛል፤ የወደቀ ተማሪ ቤተሰብ እሱ ቢሮ መጥቶ ነው የሚቆመው። አልተከራከርኩትም። የቅዳሜ ከሰዓት የላብራቶሪ ቁልፍ ብቻ ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ።

የላብራቶሪውን ኮምፒውተሮች እንደፈለግን መፈታታት ስለማይፈቀድ አሮጌ ማሽን ፍለጋ ወደ ገበያው ወረድኩ። በሞያሌው መንገድ ዳር ሞባይል የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ድሮ ኢንተርኔት ቤት ነበራቸው። ከጨለለቅቱ ከተማ ድረስ ከዘመድ የተላከ መልእክት ለማንበብ ሰው ይመጣ እንደነበር፣ መብራት ሲጠፋም ሁሉም አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ይጠብቅ እንደነበር አጫወቱኝ። ከዚያ ከጓዳ ማዳበሪያ የለበሱ ኮምፒውተሮች አስወጡ።

«ከተነሱልሽ መጥተሽ ንገሪኝ» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጡት ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም ግማሾቹ የመዘምራን ልምምድ ሲደርስ ይወጣሉ። የቡሌዋ ልጅ ግን አልቀረችም። ከአሮጌዎቹ ሰነዶች እያነበብን የራሳችንን ትንሽ ፕሮቶኮል መጻፍ ጀመርን፤ ሆን ብለን ምልልሱን ሁለት ብቻ አደረግነው። መሐል ላይ መልእክት ይዞ የሚያቆይ ፕሮግራም አስገባን። ነገሩ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና የአንደኛውን ኮምፒውተር ፓወር፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል፣ አቃጠለው። ተማሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው ያዩኝ ጀመር። በማግስቱ በሚኒባስ ሐዋሳ ሄጄ ሌላ ገዛሁ፤ ልጅቷ ፈታ ገጠመችው።

ሙከራው እንዲህ ነበር። አንዱን «ልናገር ነው» መንገድ ላይ አገትነው። ኮምፒውተሩ መልስ ሲያጣ ደግሞ ላከ፤ ተነጋገሩ፤ ጨርሰው ዘጉ። ከዚያ የታገተውን አሮጌ መልእክት ለቀቅነው። ሁለተኛዋ ማሽን ተቀበለችው፣ «ሰምቻለሁ» አለች፣ መስመር ከፍታም መጠበቅ ጀመረች። ከወዲያ የሚናገር የለም።

«ማንም ሳይመጣ በር ከፍታ ቆመች» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ሦስተኛውን ምልልስ ጨምረን ደገምነው። አሁን የመጀመሪያው ማሽን «እኔ አልጠየቅኩም» ብሎ መለሰ፤ ሁለተኛዋም ዘጋች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ሦስተኛው ለዘገየው መልእክት ነው፣ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ኃላፊው ቁልፉን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ኖሯል። ድገሙልኝ አለ፤ ደገምንለት። በሚቀጥለው መንፈቅ ሁለት ክፍለ ጊዜ ውሰጂ፣ ከፈተናው ዝግጅት ግን እንዳትነኪ፣ አለኝ። ለሐጂም ሄጄ ነገርኳቸው፤ ሌላም ጓዳ ውስጥ አለ አሉ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። በደሴቶች ላይ ስለተበተነ አንድ ዩኒቨርሲቲ አነበብኩ። ደሴቶቹን የሚያገናኝ ኬብል ስላጡ በራዲዮ ይላላኩ ነበር። ሁሉም ባሻው ጊዜ ይልካል፤ መልእክቶች ከተጋጩ ሁሉም የየራሱን የተለያየ ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይልካል። ይህን ስነግራት ልጅቷ የእሷን አገር አነሳች፤ ሸንተረር ለሸንተረር የሚተያይ፣ መንገዱ አስቸጋሪ የሆነ አገር ነው።

ይህንኑ እዚያ ለመሞከር መልእክት የሚልኩ ትንንሽ ራዲዮዎች ይዘን ቡሌ ወጣን። መኪናው ከቆመበት በእግራችን ቀጠልን። የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ቀረ፤ መሐል ያለው ኮረብታ ሁሉንም ጋረደው። በሌላ ቅዳሜ ተመልሰን ኮረብታው ላይ በእንሰት ተከበው የሚኖሩ አንዲት እናትን አስፈቀድን። ልጅቷ በጌዴኦኛ ረዘም አድርጋ አስረዳቻቸው፤ እሺ ሲሉን ጣሪያቸው ጥግ ላይ አንዱን ራዲዮ አሰርን። ግራና ቀኝ ሸንተረሮች ላይ የቆሙ የክፍል ጓደኞቿ ባንድ ጊዜ ላኩ። በያዝነው ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ሁለቱም መልእክቶች ተጋጭተው ጠፉ። ጠበቅን። ቀድሞ የግራው ገባ፣ ወዲያው የቀኙ ተከተለው።

ሴትዮዋ በአማርኛ ደረሰ ወይ አሉኝ።

«ደርሷል እማማ» አልኳቸው።

ጉም እየወረደ ነበር። ልጅቷ ኮፍያዋን አጥብቃ፣ አሁን ራዲዮዎቹን እናርቃቸው አለችና ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ተከተልኳት።