አስተባባሪው ያፈረሰው አጥር

የሰፈሩ ልማት አስተባባሪ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፍቷል፤ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው «አስተባባሪው!» ነው የምትለው። እግሩ አያርፍም። የተደፈነ ቦይ ሲያስጠርግ፣ የተጣላ ሲያስታርቅ ይውላል። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳው ነበር፤ ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ አምቡላንስ አይገባም። ሚስቱ ለኩላሊት እጥበት በሄደች ቁጥር ጎረቤቶች ወንበር ላይ አስቀምጠው እስከ አስፋልቱ ይሸከሟታል። እሷ ደግሞ ሰው ከማስቸገር ሞቷን ትመርጣለች፤ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ነው የምታልፈው።

ስብሰባ ጠራ። «እያንዳንዳችን አጥራችንን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ብናስገባ መኪና ይገባል» አለ። እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ጭብጨባውማ ለጉድ ነው! «ከማን ይጀመር?» ሲባል ግን ሁሉም የገዛ ጫማውን ማየት ያዘ።

«ከእኔ» አለ አስተባባሪው። ሞኝ! እንዲህ ብዬ ስሰድበው ግን አንጀቴን ይበላኛል።

በማግስቱ የግንብ አጥሩን አፈረሰ። ጎረቤቱ ወጥቶ «እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!» አለው። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ድንጋዩ ሲወርድ እያየች፣ «መጋረጃ ያለው መኪና ይሆን የሚመጣው? ሰው እንዳያየኝ» አለችው። ስትስቅ ካያት ቆይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ውሃ በላው። ባለሱቋ «ክረምቱ ይውጣ» አለች፤ ክረምቱ ወጣ። ጡረተኛው መምህር «ወንድሜን ላማክር» አሉ፤ እስካሁን እየተመካከሩ ነው። ፊት ለፊት ያለው አናጢ ደግሞ ባዶውን ቦታ አይቶ አጥሩን ከተለቀቀው ሜትርም አሳልፎ ወደፊት ገፋና በቆርቆሮ የሥራ ቦታ ቀጠለበት።

«ምነው ወንድሜ፣ ለመንገድ የተለቀቀ ቦታ እኮ ነው!» አለው አስተባባሪው።

«መቼ አጣሁት ጋሼ? መንገዱ ሲሰፋ አነሳዋለሁ። እስከዚያ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።»

አስተባባሪው ወረዳ ቢሮ ሄዶ አመለከተ። ኃላፊዋ በትሕትና ሰማችውና «በነዋሪው ስምምነት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ አስተባባሪያችሁን አነጋግሩ» አለችው።

የእጥበቷ ቀን ሲደርስ ሸካሚዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ከፊት የያዘው ራሱ አናጢው ነው፤ ለሸክም ተጠርቶ ቀርቶ አያውቅም። አዲሱ ቆርቆሮ ጋ ሲደርሱ ወንበሩ አላልፍ አለ። ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ተንሸራትታ ወደቀች። ብዙም አልተጎዳችም፤ ሰው ግን ከየበሩ ወጥቶ አያት።

«ወደ ቤት መልሱኝ» አለች።

አልጋዋ ላይ ካስተኟት በኋላ አስተባባሪው አጠገቧ ተንበረከከ። «ትንሽ እረፊና እኔው አዝዬ እወስድሻለሁ።»

«በቃኝ። ከእንግዲህ አልወጣም።»

«ትሞቻለሽ እኮ!»

«አውቃለሁ።» ወደ እሱ ዞረች። «ያን ቀን ሁሉም እጁን ሲያወጣ አምነህ ነበር?»

«አዎ» አለ።

«እኔም አምኜ ነበር።»

ሸካሚዎቹ ገና አልሄዱም። ወንበሩን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ይሰሟት ነበር።