በየማለዳው ረቡዕ

ማንበብ የተማርኩት ሃምሳ ሁለት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቦንጋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሆኜ ስሠራ ፔሮል ላይ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች የቢሮው ሠራተኛ «ጋሼ፣ ይቺን ጣት እናሳርፋትና እርሳስ ይያዙ» ብላ በምሳ ሰዓት ፊደል አስቆጠረችኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ማንበብ ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ የነገረኝ ግን የለም።

መጀመሪያ የገዛሁት የጸሎት መጽሐፍ ነው። እኔ ብዙ ነገር ጎድሎኝ ያውቃል፤ የጠዋት ጸሎት ግን ጎድሎኝ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ የእመቤታችንን ምስጋና በቃሌ እደግማለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ትከተለኛለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ከእኔ አፍ ነው። ቤታችን የምንነጋገረው በካፊኖኖ ነው፣ ግዕዙ ለሁለታችንም አይገባንም። ሃያ ስምንት ዓመት ግን አብረን ብለነዋል።

መጽሐፉን የገለጥኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ምስጋናው በሰባት ተከፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ አለው፣ የቀኑም ስም ከላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የሰኞውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከማውቀው ጋር አንዱም መስመር አይገጥምም። አታሚዎቹ የተሳሳቱ መሰለኝ። ማክሰኞን ገለጥኩ፣ እሱም አይደለም። ረቡዕ ላይ ስደርስ አፌ ዓይኔን ቀድሞት ሄደ። የእኔ ጸሎት እሱ ነው። ሐሙስን አየሁ፣ ዓርብን አየሁ፣ እሑድ ድረስ ሄድኩ። አንዳቸውንም በሕይወቴ ብያቸው አላውቅም። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ በየማለዳው ረቡዕን ስደግም ነው የኖርኩት። በፋሲካ ማለዳ ረቡዕ። አባቴን በቀበርንበት ቅዳሜም ረቡዕ።

ያስተማረኝ አባቴ ነው። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ እየሰቀለ የኖረ፣ ፊደል የማያውቅ ሰው ነበር። ማሩን የሚሸጥበት ገበያ ረቡዕ ስለሚውል፣ ማክሰኞ ማታ ተሸክሞ ከተማ ይገባና አንድ መሪጌታ ቤት ያድራል። ሲነጋ መሪጌታው ሲደግሙ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማል፤ ከዚያ ገበያውን ውሎ ወደ ጫካው ይመለሳል። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው። ስንት ዓመት እንደፈጀበት እንጃ፣ ሁሉንም በቃሉ ያዘው። ሁሉም መስሎት። መሪጌታው አንድ ቀን እንኳ «ሐሙስ ሐሙስ ምን ትላለህ?» ብለው አልጠየቁትም። ማሩን ግን ይቀበሉት ነበር።

በማን እንደምናደድ ግራ ገባኝ። አባቴ ሞቷል፣ መሪጌታውም ሞተዋል። እግዚአብሔር ላይ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ለባለቤቴ ምንም ሳልናገር መጽሐፉን ይዤ የማክሰኞውን ማንበብ ጀመርኩ። ጀማሪ ነኝና በየፊደሉ እደናቀፋለሁ። ከኋላዬ ያለው ድምፅ ጠፋ። ስጨርስ ዞር ብል ክንዷን አጣምራ ታየኛለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የማክሰኞ ጸሎት ነው።»

«እስከ ዛሬ ስንለው የኖርነውስ?»

«እሱ የረቡዕ ነው። የረቡዕ ብቻ።»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «እመቤታችን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀኑ ተሳስቷችኋል ሳትለን፣ አንተ ትናንት ፊደል ቆጥረህ ነው የምታርመን?»

«እኔ አይደለሁም፣ መጽሐፉ ነው።»

«መጽሐፉ ልጆቼን ስወልድ አጠገቤ አልነበረም። የታመምኩ ጊዜ ያልኩት ያንን ነው፣ የወለድኩ ጊዜ ያልኩት ያንን ነው። አሁን የኔን መልስልኝ።»

ትክክሉን ሳነብ እሷ ያለ ጸሎት ትቀራለች። የለመድነውን ስደግም ደግሞ እያወቅሁ የተሳሳተ ቀን ለእመቤታችን እያቀረብኩ ነው። የማያውቅ ሰው ይማራል ብዬ ነበር። አውቄ ምን ላድርግ?

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፣ ግን ልጄ ይሉኛል። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ፤ ደህና አድርገው ሳቁ።

«ታዲያ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስተካከል ነዋ።»

«የእኔስ ይሁን፣ አባቴ። የሞተው አባቴስ? የእሱ ጸሎት ምን ሆነ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ፣ እርስዎን የጠየቅሁትም ለዚህ ነው።»

ፊታቸውን አጠቆሩት። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወደ ሌላው ሰው ዞሩ። እኔም የመጣሁበትን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ማለዳ ማለዳ የሚሰማው ሌላ ነው። እኔ ፊት ቆሜ የዕለቱን አነባለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ረቡዕን ትደግማለች። ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሷም ከፍ ታደርጋለች። በቃሏ ስለሆነ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ጨርሳ ትቀመጥና «ቶሎ በል እንጂ፣ ቆጮው ቀዘቀዘ» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን መካከል ላይ አፌ ሳላውቀው ወደ እሷ ይሄዳል፤ መስመሩ ይጠፋኝና ከላይ እንደገና እጀምራለሁ። ይህ ጸሎት ይሁን ክርክር እኔም አላውቀው።

ረቡዕ ብቻ እንገናኛለን።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጠዋት መጽሐፉን በእጄ ይዤ ተነሣሁ። የእሷም የእኔም አንድ ሆኖ፣ እንደ ድሮው እየተከተለችኝ አደረስን። እኔ አፌ በልማዱ ይሄዳል፣ ዓይኔ ደግሞ ፊደሉን ይከተላል። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ አፌ ዓይኔን ጥሎት አለፈ። መጽሐፉ ላይ አንድ ሙሉ መስመር አለ፤ እኛ ብለነው አናውቅም። አባቴ ዘሎታል። ወይም ያን ጊዜ እንቅልፍ ጥሎታል፤ ማር ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የመጣ ሰው ነው።

ቆም ብዬ መስመሩን ልለው እችል ነበር። አሁን ማንበብ አያቅተኝም። ግን እሷ ከኋላዬ ሳትደናቀፍ እየመጣች ነው፣ ድምፅዋ ከድምፄ ጋር ከገጠመ ሳምንት ሆኖታል። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አባቴ እንደዘለለው ዘልዬው ከእሷ ጋር ሄድኩ።

ስንጨርስ መጽሐፉን አልዘጋሁትም። «ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ጣቴ ግን እዚያው መስመር ላይ ነበር። ነገ ሐሙስ ነው፣ የትኛውን እንደምል አላውቅም።