ሚስቴ በአበልጄ ሞተር፣ እኔ ከኋላ፦ የቡሬ መንገድ

በኅዳር መጀመሪያ፣ ጾም ሳይገባ፣ በርበሬ በሚሰጣበት ሰሞን፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ደርሼ ተመለስኩ። ለጎረቤት ሁሉ ሞተሬን ላሠራ ነው የምሄደው ብዬ አውርቻለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ሚስቴን እናኑን ቡሬ ይዟት የሄደው ሌላ ሰው ነበርና፣ ስትመለስ በእኔ ሞተር ትመለሳለች ብዬ ቆርጬ ነው የወጣሁት። ሞተሬ ደግሞ ቻርጅ አያደርግም። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት ነውና ግድፈት ቢኖር አንባቢ ያቅናው።

ሰውየው አበልጄ አቶ ይግዛው ነው፤ የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና ያነሣው። የእሱም የእኔም ሞተር ከአንድ ጨረታ የተገዛ፣ አንድ ዓይነት፣ ቀይ የድሮ ሞተር ነው። ባትሪያቸው ስድስት ቮልት ነው። ባትሪው ከደከመ ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ እሳት ከሌለ ሞተሩ ይቆማል። የእሱ አይቆምም። የእኔ ትንሽ እንደሄደ ይቆማል። ባትሪ ቀየርኩ፣ አልዳነም። ኃይሉን ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚያሳልፈውን ዳዮድ ቀየርኩ፣ አልዳነም። ዲናሞው ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ እንደ አዲስ አስጠቀለልኩ። ሌላውን ሁሉ የሠራሁት በገዛ እጄ ነው፤ ሞተሬን ሰው ሲነካው አልወድም።

እናኑ የዓይን ሞራዋ ተገፎላት ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው የሰነበተችው። መኪና ውስጥ ያስመልሳታል፤ ሞተር ላይ ግን ነፋስ ስለምታገኝ ደህና ናት። ባለፈው ቀጠሮ እኔ ይዣት ወጥቼ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመና ሐኪሙ አመለጣት። በዚህኛው ጠዋት አበልጄ ሞተሩን አስነሥቶ በራችን ላይ ቆመ።

“የእኔም ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ነው ያደረ” አልኳት።

“እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሐኪሙን ሳስብ ነው ያደርኩ” አለችና ወጣች።

ከአበልጄ ሞተር ፊት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ። እሱን ተሳልማ ነው የምትቀመጠው። ይህን ስላየሁ ነበር እኔም የእመቤታችንን ሥዕል በመስታወት አስገብቼ ሞተሬ ፊት የሰቀልኩት፣ ዙሪያውንም ባጃጅ የሚያስጌጡበትን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አምፖል የደረደርኩት። ቀንም ይበራል። በከተማው እንዲህ ያለ ሞተር የለም። እሷ ግን ሄዳ የተቀመጠችው ከዚያኛው ላይ ነው።

በአበልጅ መጠርጠር ነውር ነው፤ አልጠረጠርኩምም። እኔን ያንገበገበኝ የእኔ ሞተር የኋላ ወንበር ባዶውን ሲሄድ የእሱ መሙላቱ ነው።

እስከ ማንኩሳ

አቧራቸው ሳይበርድ ተከተልኩ። አስፋልቱ ደህና ነው፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ ብቻ ተቦርቡሯል። ግራና ቀኙ ጤፍ እየታጨደ ነው። ሸንኮራ የጫኑ ጋሪዎች መሐል መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ክላክስ ብትነፋላቸው ፈረሱ ይሰማል እንጂ ባለ ጋሪው አይሰማም። እኔም እየነፋሁ እየነፋሁ ክላክሱ ድምፁ ሰለለ። ማንኩሳ ሳልደርስ ዳገት ላይ ሞተሩ ያስለው ጀመር፤ ከዚያ ዝም አለ።

ወርጄ መግፋት ያዝኩ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት በርበሬ ትገለብጣለች። የበርበሬው ሽታ ከድካሙ ጋር ሆኖ እኔንም አሳለኝ።

“አባ፣ እርስዎ ነዎት ሞተሩን የሚነዱት ወይስ እሱ ነው እርስዎን የሚነዳው?” አለችኝ።

“ውኃ ካለሽ አምጪ፣ ሌላውን ተይው።”

በጣሳ ውኃ ሰጠችኝ። “አሁን ደግሞ እንዲሁ ያለ ሞተር አለፈ። ሽማግሌ ነው፣ ባለቤቱን ከኋላ አስቀምጧል። ባልና ሚስት እንዲህ ተዋደው ሲያረጁ ደስ ሲሉ!”

“ባሏ እኔ ነኝ።”

ሴትዮዋ እኔንም አየች፣ ሞተሩንም አየች፣ የሚበሩትን አምፖሎችም አየች። አምፖሎቹም እንደ ደከመ ከሰል ፍም ሆነዋል። “ታዲያ ምን ሆነው ከኋላ ቀሩ?” አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ውኃውን ሳልጨርስ መለስኩላት።

በቆሎ ጭኖ ቡሬ የሚሄድ መኪና ለመንኩ። ሞተሩን ለሦስት አንሥተን ከጆንያው ላይ አጋደምነው፤ እኔም ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሁለት መቶ ብር አለኝ፣ አልተከራከርኩም። ከጆንያ ላይ ሆኜ መንገዱን ሁሉ ቀይ ሞተር ስፈልግ ነበር።

ቡሬ

ቡሬ ሁልጊዜ እህል የሚጫንባት፣ እህል የሚራገፍባት ከተማ ናት። ወደ ነቀምት የሚታጠፈው መንገድ አካባቢ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ የጭነት መኪናው ተደባልቆ ሰው መተላለፊያ ያጣል። እዚያው አጠገብ ዳኜ የሚባል መካኒክ አለ። ወፍራም ነው፣ ከመሥራቱ ማውራቱ ይብሳል። ሌላ ሰው ባገኝ ኖሮ ወደ እሱ አልሄድም ነበር።

“አባቴ፣ ይህ ሞተር ነው ወይስ የገና ዛፍ?” አለ።

“ቻርጅ አያደርግም። ባትሪውም፣ ዳዮዱም፣ ጥቅሉም አዲስ ነው። እንግዲህ ዕውቀት ካለህ አሳየኝ።”

የራሱን የሞላ ባትሪ አሰረበትና አስነሣው። ቮልት መለኪያውን ቴስተር አወጣና ሁለት ሽቦውን ባትሪው ላይ አድርጎ ቁጥሩን አየ። ቁጥሩ ይወርዳል። ጋዝ ሰጠው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ መልሶ ወረደ። ዳዮዱን ፈትቶ ለካው፣ ደህና ነው። ጥቅሉንም ለካው፣ ደህና ነው። ሽቦው ከብረቱ ጋር የሚታሰርበትን ፋቅ ፋቅ አድርጎ አጠበቀው። ቁጥሩ አሁንም ይወርዳል። “አየህ?” አልኩት፤ እሱም እንደ እኔ ስላልቻለ ደስ አለኝ።

ከዚያ እጁን ጠርጎ የእመቤታችንን ሥዕል ተሳለመ። “ይቅር በይኝ እናቴ” አለና ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ማጥፊያ ተጫነው።

ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

“አብራው” አልኩት። አበራው፣ ወረደ። “አጥፋው።” አጠፋው፣ ወጣ። እንደገና አስደገምኩት። ቴስተርህ ውሸታም ነው አልኩት፤ ከጎረቤት ጋራዥ ሌላ ቴስተር ተዋሰ። ያም ያንኑ አለ።

“እመቤታችን ናት ቻርጅ የምትጨርሰው ልትለኝ ነው?”

“እሷ አትጨርስም አባቴ። አምፖሎቹ ናቸው የሚጨርሱት። የዚህ ሞተር ዲናሞ እንደ አንዲት የሀገር ላም ነው፣ የሚሰጠው አንድ ዋንጫ ነው። ለካንዴላው ልስጠው ወይስ ለጥጆችዎ?”

“ያኛው ሞተር ለምን አይቆምም?”

“የትኛው?”

የጠየቅኩት ራሴን ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የአበልጄ ጊዮርጊስ መብራት የለውም፣ ሥዕል ብቻ ነው።

ይህን እያልን ሳለ እናኑና አበልጄ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሞተሬን ከመንገዱ አይተው መጡ። እናኑ መነጽሩን አውልቃለች። ዓይኗ ገና ትንሽ ያለቅሳል፣ ግን ሰውን ፊት ለፊት ታያለች። ለብዙ ጊዜ ድምፄን ሰምታ ነበር የት እንደቆምኩ የምታውቀው።

“አረጀህ” አለችኝ።

“አበልጄ፣ ባትሪው እንዴት ሆነልዎ?” አለ አቶ ይግዛው።

“ድኗል።”

እናኑ ወደ ሞተሩ ጠጋ አለች። አምፖሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። “ይህ ምንድን ነው? እስቲ አብራው።”

አበራሁት። ጎንበስ ብላ አየችው። “አረንጓዴም አለው እንዴ?”

“ከመጀመሪያም ነበረው።”

“እኔ የሆነ ነገር ብልጭ ሲል ብቻ ነበር የሚታየኝ። ለማን ብለህ ነው?”

“ለእመቤታችን።”

ዳኜ ሳል ያዘው። እናኑ ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ “እመቤታችን ዳገት ላይ ገፍተህ እንድታመሰግናት አትፈልግም። አጥፋውና እንሂድ” አለች። ከዚያ ሥዕሏን ተሳልማ ከኋላዬ ተቀመጠች። ዳኜ ባትሪውን አዋሰኝ፤ የእኔ ሞልቶ እስኪወሰድ ድረስ።

መልስ

አበልጄ፣ “ቀድሜ ልሂድ?” አለ። “እኔ ልቅደም” አልኩት። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሞተሬ አንዴ እንኳ አላሳለውም። ማንኩሳ ደርሰን ሸንኮራ ገዛን። እናኑ ስትልጥ መዳፏ ቀልቶ፣ ሁለት ቦታ ውኃ ቋጥሮ አየሁት።

“እጅሽ ምን ሆነ?”

“ብረቱን ይዤ ነዋ። ከኋላ ያለውን፣ ዕቃ መጫኛውን።”

“ቡሬ ድረስ?”

“ምን ልይዝ ኖሯል? የአበልጅ ወገብ ይያዛል እንዴ?” አለችና ሸንኮራዋን መምጠጥ ቀጠለች። አቶ ይግዛው የሞተሩን ጎማ የሚያይ መስሎ አጎንብሷል። የእኔ ኮት ከቡሬ እስከዚያ ድረስ በሁለት እጇ ተጨምድዶ ነው የመጣው። ለዚያ ሰውዬ ረጅሙን ሸንኮራ ሰጠሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባን። ከዚህ መንገድ የተማርኩትን ሞተር ላለው ሁሉ ልንገር። ቻርጅ አላደርግ ካለህ ዕቃ ለመግዛት አትሩጥ። መጀመሪያ የሚበራውን ሁሉ አጥፋና ለካ፤ ቁጥሩ ከወጣ ሌባው ራስህ የሰቀልከው ነው። ስለ ቅናት ግን የምመክረው የለኝም። እሱ እንደ ባትሪ አይደለም፤ ሳይሞሉትም ይሠራል።

አበልጄ ራት ከእኛ ጋር በላ። እናኑ የዶሮውን ፈረሰኛ ለእሱ ስታወጣለት አየሁ። እጁን ታጥቦ ሲነሣ፣ “ለሚቀጥለው ቀጠሮስ ማን ይወስድዎ፣ አበልጄ?” ብሎ ጠየቃት። አፌን ከፈትኩ።

“ቀጠሮ የለኝም፣ ጨርሰሻል ብሎኛል ሐኪሙ” አለች እናኑ።

ሞተሬ በዳነበት ቀን የምወስዳት ቦታ ጠፋ። አበልጄን ሸኝቼ ስመለስ እናኑ የገዛ መዳፏን ወደ መብራቱ አቅርባ የእጇን መስመር እያየች ነበር። “ዓይኔ ቢበራልኝ ብዬ ለገበዝ ማርያም ስለት አለብኝ” አለችኝ። የገበዝ ማርያም መንገድ ጠጠር ነው፣ ዳገት ነው፣ ነዳጅም ይፈጃል።

በማን ሞተር እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም። ቤንዚን ልፈልግ ወጣሁ።