ጋሽ ብረት የልጅ ልጁን ያላቀፈበት ቀን

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ብረት» ይሉታል። መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የታተሙ ገጾችን ሲያጥፍ፣ ሲሰፋ፣ ሙጫ ሲቀባ ኖሯል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ነው። የወረቀት ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አንድ ነገር ቀጭ አለበት፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድም ቀን ሳያመው ውሎ አያውቅም። ትንፍሽ ግን አይልም። «ወገብህ እንዴት ነው?» ሲሉት «ደህና ነው» ነው መልሱ። «ብረትም እኮ አንዳንዴ ዘይት ይቀባል» እያሉ ይቀልዱበታል።

በአንድ ጀምበር እንዲህ አልሆነም። መጀመሪያ ላይ ያማርር ነበር። መርፌውም፣ ኪኒኑም፣ መታሸቱም ተሞከረ። ሰው ሲሰለቸው አየና ዝም አለ። ከዚያ ሕመሙን ላለማዳመጥ የሚሰፋውን መቁጠር ጀመረ፤ አንድ ስፌት፣ ሁለት ስፌት፣ እስከ ምሳ ሰዓት። ዘዴው ሠራ። ሕመሙ ራቅ አለለት፤ ሌላውም ነገር አብሮት ራቀ። ታላቅ ወንድሙ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው መሀል ተቀምጦ የመስኮቱን ፍርግርግ ሲቆጥር ዋለ። እንባ አልመጣለትም። አለመምጣቱም አልገረመውም።

ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በሳምንቱ ቤት መጣች። «አባዬ፣ እንካ እቀፈው!» ብላ ሕፃኑን ዘረጋችለት። ያን ዕለት ቀኝ እግሩ እስከ ጣቱ ድረስ ደንዝዞ ነበር። ቢያመልጠኝስ ብሎ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

«እናትሽ ትያዘው» አለ።

ፊቷ ልውጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ድርሽ አላለችም።

ሚስቱ ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ ልጄን አልወደደውም ብላኛለች» አለችው።

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

ሊያዝን ቢሞክርም ማዘን አቃተው። ትንሽ ያስደነገጠው ይሄ ነው።

ሐኪም ጽፎለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የተኛውን ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው ነበር፤ እዚያ ረቡዕ ረቡዕ የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ይገናኛሉ። እሱ የሄደ ዕለት ስድስት ነበሩ፤ መቀመጥ የማይችሉት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር «እኔ ሲጠይቁኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ማንም አላዘነልኝም ብዬ አኮርፋለሁ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ብረት አልሳቀም። ባለሙያዋ ወደ እሱ ዞረች።

«እርስዎስ ሲያምዎት ለማን ይናገራሉ?»

«እቆጥራለሁ።»

«ቆጥረው ሲጨርሱስ?»

«እንደገና እጀምራለሁ።»

«ሥራ ላይ ይቁጠሩ፤ አልከለክልዎትም። ግን ለአንድ ሰው ይንገሩ። አንድ ሰው ይበቃል።»

ቅዳሜ ሴት ልጁ ቤት ሄደ። በሩ ላይ እንደቆመ፣ እንደ ተሸመደደ ትምህርት አነበነበው፦ «ያን ቀን እጄን የሰበሰብኩት ፈርቼ ነው። እግሬ ይደነዝዛል። ልጁ ያመልጠኛል ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያመኝ ነው የኖረው።»

«ዘጠኝ ዓመት? እኛ እኮ ድኗል ብለን ነው የተውነው!»

«ምን ታድርጉ፤ ደህና ነው እያልኳችሁ።»

አልተቆጣችም። ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋች፤ እሱን አስተኝታ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አደረገችለት፤ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ጋሽ ብረት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ልቡ አልዘለለም። የሕፃኑ ክብደት ተሰማው፤ ሙቀቱም፣ ሸሚዙን ያረጠበው ለሃጩም። ከዚያ በላይ ምንም። ቢሆንም «ውሰጂው» አላለም።

ወገቡ አልዳነም፤ አይድንምም ተብሏል። ራሱ ሄዶ ለአለቃው ስለተናገረ፣ ማተሚያ ቤቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አሠርቶለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴት ልጁ ቤት ፍራሹ ይዘረጋል። አንዳንዴ ከሕፃኑ ቀድሞ እሱን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ያኔ ሕፃኑን ቀስ ብላ አንስታ ጎኑ ታስተኛውና ልብስ ልታሰጣ ትወጣለች።