ድርና ማጉን የደባለቅኩበት የገርጂ ጉዞ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፦ ካዛንቺስ

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ስወጣ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ የእማዬ ፈትል ጋቢ ሳይሆን ወንድሜ ከቦሌ አይበርም። ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት የሚሄደው እሑድ ነው። አገሩ በረዶ ነው ሲባል የሰማችው እናቴ፣ ዓይኗ እየደከመ፣ ሁለት ክረምት እንዝርቷን ስታሾር ከርማለች። «ከእንግዲህ ለማንም አልፈትል፤ ይሄ የመጨረሻዬ ነው» ብላኛለች።

ፈትሉን በሁለት ቅርጫት ለይታ ነበር ያስቀመጠችው። እኔ ብልጧ፣ ሁለት ቅርጫት ይዤ ከሰው ጋር ከምጋፋ ብዬ ሁሉንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጥኩት። ጥጡ አንድ፣ ፈታይዋ አንድ፤ ምን ልዩነት አለው?

ሦስት ሰዓት፦ ከመገናኛ ወደ ገርጂ

እስከ መገናኛ በውይይት ታክሲ በስሙኒ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው። የነሐሴ ዝናብ የጤፉን ማሳ አረስርሶት መንገዱ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ወተት አድርሰው የሚመለሱ አንዲት የገርጂ ባልቴት አይተውኝ ሳቁ።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን አውልቂ! የእኛ ጭቃ ጫማ ይወዳል።»

እምቢ አልኩ። ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ ጭቃው የግራ ጫማዬን አስቀረው፤ ቆፍሬ አወጣሁትና ሁለቱንም በእጄ ይዤ ቀጠልኩ።

አራት ሰዓት፦ ሸማኔው ዘንድ

ጋሽ ወልዴ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው ይሸምናሉ። አንድ ልቃቂት አንስተው ክሩን ሳብ ቢያደርጉት ብጥስ አለ።

«ይሄ ማግ ነው፣ በአግድም የሚወረወረው። ድሩስ የታለ?»

«ሁሉም የእናቴ ፈትል ነው፣ ጋሽ ወልዴ።»

«እሱማ ነው። ግን ድር ጠንክሮ ይፈተላል፣ ማግ ለስለስ ብሎ። ማግን ድር ሁን ብትዪው በየስንዝሩ ይበጠሳል። እናትሽ ለይተው አልሰጡሽም?»

የሁለቱ ቅርጫት ነገር አሁን ገባኝ፤ በእፍረት ፊቴ ተቃጠለ። የፋብሪካ ድር እንዲፈልጉልኝ ለመንኳቸው። የሸማኔዎች ማኅበሩ የክር ኮታ አልቋል አሉ።

«ወስደሽ እናትሽ ይለዩልሽ። ሰኞ ትመጫለሽ።»

«ወንድሜ የሚሄደው እሑድ ነው። አልመለስም። እንዴት እንደሚለይ ያሳዩኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ አንድ ክንድ ክር ስበው ላላ ቢያደርጉት በራሱ ላይ ተጠማዘዘ።

«እንዲህ የሚያደርገው ድር ነው። ዝም ብሎ የሚንጠለጠለው ማግ።»

ያካፈሉኝን የተቀቀለ ድንች ለመብላት ካልሆነ በቀር ቀና ሳልል እስከ አሥር ሰዓት ልቃቂት በልቃቂት ለየሁ። በሠላሳ ዓመቴ የእናቴን ሥራ ገና ያን ቀን አየሁት። ግራ ያጋባችኝን አንዲት ልቃቂት ገምቼ ከድሩ ደባለቅኳት።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት፦ ቤት

በሁለተኛው ጉዞዬ ጫማዬን ያወለቅኩት ገና ከመገናኛ ነው። ጋቢውን አምጥቼ እማዬ ጭን ላይ ዘረጋሁት። በጣቷ ስትዳስስ ቆይታ ጥጉ ላይ ሦስት ቋጠሮ አገኘች።

«እዚህ ጋ ማግ ድር ውስጥ ገብቷል። ደባልቀሽዋል አይደል?»

«ደባልቄዋለሁ፣ እማዬ። መልሼ የለየሁትም እኔው ነኝ።»

«አንቺ?» አለች፤ ጣቷ ከቋጠሮው አልተነሳም። «ተዪው እንግዲህ። ያንቺም እጅ ይኑርበት።»

እሑድ ወንድሜ ጋቢውን ደርቦ በረረ። ሰኞ ከሥራ ስመለስ እንዝርቷን አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ክሬን ዳሰሰችና፣ «ይሄ ለድርም አይሆን፣ ለማግም አይሆን» አለችኝ።

ደገምኩት።